«እማዬ እንዳትሰማ»፦ የከርከሮ ሥጋና ዓይን የማያየው ትል

ባለፈው ዓመት አንድ ቅዳሜ ማታ ስልኬ ጮኸ። የደወለው ጠመንጃ ያዥ አብረን ያደግን፣ አሁን በምዕራብ ቆላ በአንድ የመንገድ ፕሮጀክት ላይ የሚሠራ ጓደኛዬ ነው። ከኋላው ሳቅና የእሳት መንጣጣት ይሰማል።

«ስማ፣ ልጆቹ ከርከሮ ገድለው እሳት ላይ ነው። ብቀምስ ምን እሆናለሁ?» አለኝ።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ የምማረው የሙቀት ምሕንድስና ነው። ለሰፈር ልጅ ግን ማስተርስ የሚማር ሰው ሁሉን ያውቃል። «በደንብ ከበሰለ ምን ትሆናለህ!» ብዬ መለስኩለት። ሊዘጋው ሲል ድምፁን ዝቅ አደረገና «እማዬ እንዳትሰማ ደግሞ» አለ። ሳቅን፤ ተዘጋ።

በኋላ ነገሩ ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። ሳነብ የገባኝ ሁለታችንም የተናገርነው ነገር ችግር እንደነበረበት ነው። የኔ «በደንብ» ስንት ዲግሪ፣ ስንት ደቂቃ እንደሆነ አይናገርም። የሱ «እንዳትሰማ» ደግሞ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሐኪም ፊት ሲቀመጥም አብሮት ቢሄድ ኖሮ ከሥጋው የባሰ ጉዳት ያመጣበት ነበር። ይህ ጽሑፍ ስለነዚህ ሁለት ነገሮች ነው።

ስለ የትኛው እንስሳ ነው የምናወራው?

ሰፈራችን ጠመንጃ ያዥ ነው። ስሙ የድሮውን ጠመንጃ ተሸካሚ ጭፍራ ያስታውሳል እንጂ ዛሬ እዚያ አደንም አዳኝም የለም፤ ያለው ሥጋ ቤት ነው። የሰፈራችን ልጅ ቁርጥ ሲቆርጥ ያድጋል፣ ከርከሮን ግን የሚያውቀው በቴሌቪዥን ነው። አሳማ በኦርቶዶክስ ተዋሕዶውም በሙስሊሙም ቤት አይበላም፤ ሰኮናው ስንጥቅ ቢሆንም ስለማያመሰኳ እርኩስ ከተባሉት ወገን ነው። በዚህ የተነሳ አብዛኞቻችን ከአሳማ ሥጋ ጋር የሚመጡ በሽታዎችን የማወቅ አጋጣሚ አላገኘንም። ፈረንጅ እናቱ «የአሳማ ሥጋ ጥሬውን እንዳትነካ» እያለች ታሳድገዋለች። የኛ እናት «እንዳትነካ» ብላ ጨርሳለች፤ ስለ አበሳሰሉ የምትጨምረው ነገር የላትም።

ነገር ግን ሰው ከቤቱ ይወጣል። መንገድ ሥራ፣ የእርሻ ልማት፣ የማዕድን ፍለጋ፣ ውትድርና የከተማውን ልጅ ወደ ቆላ ይወስዱታል። እዚያ የዱር እንስሳ ሥጋ ከጥንት ጀምሮ የሚበሉ ማኅበረሰቦች አሉ፤ አሳማ የሚወዱ የውጭ አገር ሠራተኞች አሉ፤ በቆሎውንና ድንቹን ከርከሮ እየገለበጠበት የተማረረ ገበሬም አለ። ከርከሮው ይገደላል፣ እሳቱ ይነዳል፣ ቀማሽ አይጠፋም።

አገራችን ውስጥ በዱር የሚኖሩ የአሳማ ዘመዶች አራት ናቸው። በብዛት የሚታየው ጅራቱን እንደ አንቴና ቀጥ አድርጎ የሚሮጠው ተራው ከርከሮ ነው። በምሥራቁ ደረቅ ቆላ የበረሃ ከርከሮ የሚባል ዘመዱ አለ። ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦና በወንዝ ዳር የጫካ አሳማ፣ በደቡብ ምዕራብ ደኖችና በባሌ ሐረና ደግሞ ጥቁሩ ግዙፍ የደን አሳማ ይገኛሉ። (የበረሃ ከርከሮ ሳይንሳዊ ስሙ ውስጥ «ኤቲዮፒከስ» የሚል ቃል አለ። ለመኩራት አትቸኩሉ፦ ፓላስ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1766 ስሙን ሲያወጣ ናሙናው የመጣው ከደቡብ አፍሪካው ኬፕ ነበር። በዚያ ዘመን ለአውሮፓ ሊቃውንት «ኢትዮጵያ» ማለት አፍሪካ ማለት ነበር።)

ጎጃም ላይ ተመዝግቧል

«ይሄ የፈረንጅ በሽታ ነው፣ እኛ ጋ የለም» የሚል ካለ እንዲህ ልበለው። እ.ኤ.አ. በ1992 «ትሮፒካል ኤንድ ጂኦግራፊካል ሜዲሲን» በተባለ የሕክምና መጽሔት ላይ አንድ አጭር ጽሑፍ ወጥቷል። ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ጎጃም ውስጥ ከዱር አሳማ ሥጋ የመጣ ትሪኪኖሲስ» የሚል ነው። ጎጃም! አሳማ በሚበላበት አገር ሳይሆን፣ ብዙዎቻችን ነገሩን ጨርሶ በማንጠረጥርበት ቦታ።

ርእሱ ብቻውን ብዙ ነገር ይናገራል። አንደኛ፣ በእንግሊዝኛው «ዋይልድ ቦር» የሚለው የአውሮፓ የዱር አሳማ በአገራችን ዱር አይኖርም፤ ስለዚህ የተበላው ከርከሮ ወይም የጫካ አሳማ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ሰዎቹ ታመዋል ማለት ሥጋው ጥሬውን ወይም ሳይበስል ተበልቷል ማለት ነው፤ በሽታው በሌላ መንገድ አይመጣማ። ሦስተኛና ዋናው፣ ተውሳኩ እዚሁ እኛ ዱር ውስጥ እየተዘዋወረ ነው።

ጎረቤት ኬንያ ከኛ ቀድማለች። እ.ኤ.አ. በ1961 የታተመ ጽሑፍ ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ የመጀመሪያውን የትሪኪኖሲስ ወረርሽኝ ከኬንያ መዝግቧል፤ ምንጩም የጫካ አሳማ ሥጋ ነበር። ነገሩን ከመረመሩት ሰዎች አንዱ ኔልሰን የሚባል የጥገኛ ተውሳክ ተመራማሪ ነው። በኋላ የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካው ዝርያ በሱ ስም «ትሪኪኔላ ኔልሶኒ» ተባለ። ይህ ዝርያ በዋነኛነት የሚኖረው በአንበሳ፣ በጅብና በመሳሰሉት ሥጋ በል አራዊት ውስጥ ነው። ከርከሮ ብዙውን ጊዜ ሣርና ሥር ቢበላም ጥንብ ካገኘ አይጠየፍም፤ የጫካ አሳማ ደግሞ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ነው። ተውሳኩ ያለበትን ጥንብ የበላ ዕለት ተራው የሱ ይሆናል።

ትሉ ምን ያደርጋል?

ትሪኪኔላ ክብ ትል ነው። ጡንቻ ውስጥ ያለው እጭ ርዝመቱ አንድ ሚሊ ሜትር ገደማ ቢሆንም እንደ ሽቦ ተጠምዝዞ ስለሚተኛ በዓይን አይታይም። በነገራችን ላይ መጀመሪያ ያስተዋለው ጄምስ ፓጄት የተባለ የለንደን የሕክምና ተማሪ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1835 አስከሬን ሲበልት ጡንቻው ላይ ጥቃቅን ነጫጭ ነጠብጣቦች አየና በማጉያ መነጽር ተመለከታቸው።

እጩ ያለበት ሥጋ ሳይበስል ሲበላ የጨጓራችን አሲድና ፔፕሲን የተባለው ኢንዛይም ሥጋውን ይፈጩታል። ትሉን የሚጎዱት እንዳይመስላችሁ፤ ከሽፋኑ ነው የሚያወጡት። ነጻ የወጣው እጭ ወደ ትንሹ አንጀት ወርዶ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፣ በሁለት ቀን ገደማ ለአካለ መጠን ይደርሳል፣ ይራባል። በመጀመሪያው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ሴቷ መውለድ ትጀምራለች፤ እንቁላል አይደለም የምትጥለው፣ ሕያው እጭ ነው። አንዷ ሴት በሕይወት ዘመኗ በመቶዎች፣ አንዳንዴም ከሺህ በላይ ትወልዳለች። አዲሶቹ እጮች በደም ተጭነው መላ ሰውነትን ይዞሩና ጡንቻ ውስጥ ይገባሉ። የሚመርጡትም ሥራ የማይፈታውን ጡንቻ ነው፦ ደረትን ከሆድ የሚለየውን የመተንፈሻ ጡንቻ፣ ምላስን፣ መንጋጋን፣ ዓይን የሚያንቀሳቅሱትን ጥቃቅን ጡንቻዎች።

ቀጥሎ የሚሆነው እንደ መሐንዲስ ያስደንቀኛል፤ እንደ ሰው ደግሞ ያስጠላኛል። እጩ የገባበትን የጡንቻ ሕዋስ አይገድለውም፣ ያድሰዋል። ሕዋሱ መኮማተር ይተውና የእጩ ሞግዚት ይሆናል፤ ዙሪያውን ሽፋን ይሠራል፣ ደም ሥር ይጠራለታል። ቤቱ ተሠርቶ ሲያልቅ እጩ እዚያው ለዓመታት በሕይወት ይቆያል፤ የሚጠብቀው ተሸካሚው እስኪበላ ነው። ሰው አብዛኛውን ጊዜ ስለማይበላ እኛ ለትሉ መንገዱ የተዘጋ ቤት ነን። ይሄ ግን ለታማሚው መጽናኛ አይሆነውም።

እዚህ ላይ ከኮሶ ጋር እንዳታምታቱት። የበሬ ጥሬ ሥጋ የሚያመጣው ኮሶ አንጀት ውስጥ የሚኖር ጠፍጣፋ ትል ነው፤ ቁርጥራጩ ሲወርድ ይታያል፣ መድኃኒቱም አንጀት ውስጥ ያገኘዋል። ትሪኪኔላ ሲወርድ አይታይም፤ ጡንቻ ከገባ ደግሞ አንጀት የሚጠርግ መድኃኒት አይደርስበትም። «ከበላሁ በኋላ ኮሶ እጠጣለሁ፣ በቃ» የሚል ሰው በር ቆልፎ ጣራው ላይ ያለውን ሌባ እንደሚጠብቅ ሰው ነው።

ታይፎይድ የሚመስል፣ ታይፎይድ ያልሆነ

ምልክቱ በሁለት ዙር ይመጣል። የመጀመሪያው በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የሚጀምረው ሆድ ቁርጠት፣ ተቅማጥና ማቅለሽለሽ ነው። ይህን ማንም «ሥጋው ከብዶኝ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ብዙ ሰው ላይ ጭራሽ አይታይም።

ሁለተኛው ዙር አብዛኛውን ጊዜ ከተበላ ከሁለት ሳምንት በኋላ የሚመጣ ነው፤ እስከ ሁለት ወር ሊዘገይም ይችላል። ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ድካም፣ ጡንቻ ሲነኩት የሚያም ሕመም፣ ሲያኝኩና ሲተነፍሱ ስቃይ ይኖራል። ከሁሉም በላይ የዓይን ዙሪያና ፊት ያብጣል። እጩ በብዛት ከገባ የልብ ጡንቻን ወይም አንጎልን ሊያስቆጣ ይችላል፤ ሰው የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው።

አሁን ከጓደኛዬ ጋር አብራችሁ አስቡ። በካምፑ ከተበላ ሦስት ሳምንት አልፏል። ሠላሳ ስምንት ነጥብ አምስት ትኩሳት ይዞት፣ እግሩ ተሳስሮ፣ ቆላ ውስጥ ካለ አንድ ክሊኒክ ይገባል። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ወባ ነው፤ ትክክልም ነው፣ ቆላ ነውና። ወባ ከሌለ ታይፎይድ ወይም ታይፈስ ይባላል። ለታይፎይድ የሚሠራው ዊዳል የተባለው የደም ምርመራ በሽታው በሌለበትም «አለ» ሊል እንደሚችል ሐኪሞች ያውቃሉ፤ ግን ርካሽ ስለሆነና ሌላ ስለሌለ ይሠራል። ፀረ ባክቴሪያ ይታዘዛል። ትሉ ባክቴሪያ ስላልሆነ ግድ የለውም። ሌላ ሳምንት ይሄዳል፤ ሌላ ሞግዚት ሕዋስ ተሠርቶ ያልቃል።

ሐኪሙን ወደ ትክክለኛው መንገድ ሊመልሰው የሚችል ፍንጭ አለ። ተራው የደም ቆጠራ ላይ ኢዮሲኖፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ከፍ ብለው ይታያሉ። ችግሩ እኛ አገር እነዚህን ሕዋሳት ከፍ የሚያደርጉ ሌሎች የአንጀትና የደም ተውሳኮችም ሞልተዋል፤ ስለዚህ ቁጥሩ ብቻውን አይበቃም። የሚበቃው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፦ «ከሦስት ሳምንት በፊት በደንብ ያልበሰለ የከርከሮ ሥጋ በልቻለሁ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ደግሞ እኛ አገር ማንም ሳይጠይቀው አያወጣውም። ሐኪሙ መስቀል ያደረገ ወይም ኮፍያ ያጠለቀ ሰው ፊት ለፊቱ ተቀምጦ «አሳማ በልተሃል?» ብሎ መጠየቅ ይከብደዋል፤ ስድብ ይመስልበታል። ታማሚው እናቱ አጠገቡ ተቀምጣ «አዎ» ማለት ይከብደዋል። ሁለቱም ተከባብረው ዝም ይላሉ። አሳማን የከለከለው ሥርዓት ብዙዎቻችንን ከዚህ ትል ጠብቆናል፤ ይህን በቁም ነገር ነው የምለው። ሥርዓቱን ጥሶ ለበላ ሰው ግን ያው ክልከላ ምርመራውን ይጋርድበታል። ስለዚህ ዘመድ ከክፍሉ እንዲወጣ ጠይቁና ተናገሩ። ሐኪም የታማሚን ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፤ ንስሐውን ወይም ተውባውን በሌላ ጊዜና በሌላ ቦታ ታደርሱታላችሁ።

ጊዜው ለምን ያስጨንቃል? መድኃኒት አለውና ነው። አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል በተለይ ትሉ ገና አንጀት ውስጥ ሳለ ሲሰጥ ጥሩ ይሠራል፤ ጡንቻ ከገባ በኋላ ውጤቱ ይቀንሳል፣ ሐኪሙም እብጠቱንና ቁጣውን የሚያበርድ ሌላ መድኃኒት ይጨምርበታል። ስለዚህ ያልበሰለ እንደበላ ያወቀ ሰው ምልክት እስኪመጣ መጠበቅ የለበትም። ግን ደግሞ ከፋርማሲ አንድ ፍሬ አልቤንዳዞል ገዝቶ መዋጥም አይሆንም፤ ለተራ የአንጀት ትል የሚሰጠው የአንድ ጊዜ መጠን ለዚህኛው አይበቃም፣ ሕክምናው ብዙ ቀን ይወስዳል። ለነፍሰ ጡር ደግሞ መድኃኒቱ ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ጀርመኖች ጥሬ ሲበሉ

ጥሬ ሥጋ የምንወድ እኛ ብቻ አይደለንም። ጀርመኖች ጥሬ የአሳማ ሥጋ ፈጭተው ዳቦ ላይ ይበላሉ፤ ክትፎ በሉት። እ.ኤ.አ. በ1865 ሄደርስሌበን በምትባል መንደር ከእንዲህ ያለ ሥጋ 337 ሰው ታሞ 101 ሞተ። ይህና የመሳሰሉት አደጋዎች ሩዶልፍ ቪርሾ የተባለው ስመ ጥር ሐኪም ሲታገልለት የነበረውን ሐሳብ አጠናከሩት፦ እያንዳንዱ የታረደ አሳማ በማጉሊያ መነጽር ይታይ። ይህ ቀስ በቀስ ሕግ ሆነ። ጀርመኖች ዛሬም ጥሬውን ይበላሉ፤ የሚበሉት ግን የተመረመረውን ነው።

ዘመናዊው ምርመራ ደግሞ ጨጓራን ቤተ ሙከራ ውስጥ መሥራት ነው። ከመተንፈሻ ጡንቻው ወይም ከምላሱ ናሙና ተወስዶ ይፈጫል፣ ፔፕሲንና ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ባለበት ሙቅ ውሃ ውስጥ ይማሰላል፤ ሥጋው ሟሙቶ እጩ ከታች ይዘቅጣል። ቀላልና ብልህ ነው። በካምፕ እሳት ዳር ግን የለም። የቄራ መርማሪ የበሬን መንጋጋና ልብ ቆርጦ የኮሶን እጭ በዓይኑ ሊፈልግ ይችላል። ይህኛውን እጭ ግን የአዳኝም የወጥ ቤት ሠራተኛም ዓይን አያየውም፤ «ንጹሕ ሥጋ ነው፣ አየሁት» የሚል ሰው ምንም አላየም።

«በደንብ» ስንት ነው?

አሁን ወደ ሙያዬ መጣሁ። ትሉ በሙቀት ይሞታል፤ ጥያቄው በስንት ዲግሪና በስንት ጊዜ ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ለአሳማ ሥጋ ያወጣው ሠንጠረዥ እንዲህ ይላል፦ የሥጋው መሃል 50 ዲግሪ ሴልሺየስ ከሆነ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ያስፈልጋል። 54.5 ዲግሪ ላይ ግማሽ ሰዓት፣ 60 ላይ አንድ ደቂቃ ይበቃል፤ 62 አለፍ ሲል ወዲያው። ከ50 እስከ 60 አሥር ዲግሪ ብቻ ነው፤ ጊዜው ግን ከዘጠኝ ሰዓት ወደ አንድ ደቂቃ ወረደ። ለዱር እንስሳ ሥጋ የሚመከረው 71 ዲግሪ ነው፤ ሌሎች ጀርሞችንም ስለሚያካትት እሱን ያዙ።

71 ዲግሪ ቀላል ይመስላል። የእንጨት ፍም በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ አለው፣ ታዲያ ምን ችግር አለው? ችግሩ «መሃል» የሚለው ቃል ላይ ነው። ሥጋ ሙቀትን በጣም ቀስ ብሎ ነው የሚያሳልፈው፤ አብዛኛው ውሃ ነውና። ሙቀት ወደ መሃል ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከውፍረቱ ጋር እኩል አይጨምርም፣ ከውፍረቱ ስኩዌር ጋር ነው የሚጨምረው። ውፍረቱ እጥፍ ከሆነ ጊዜው አራት እጥፍ፣ ውፍረቱ አምስት እጥፍ ከሆነ ጊዜው ሃያ አምስት እጥፍ።

በቁጥር እንየው። የሥጋ የሙቀት ሥርጭት መጠን በሴኮንድ 0.13 ስኩዌር ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። ሁለት ሴንቲ ሜትር ውፍረት ላለው ቁራጭ ከላይ እስከ መሃል አሥር ሚሊ ሜትር አለ፤ አሥርን በአሥር አባዝታችሁ ለ0.13 ብታካፍሉ 770 ሴኮንድ፣ አሥራ ሦስት ደቂቃ አካባቢ ይመጣል። አሥር ሴንቲ ሜትር ለሆነ ታፋ ግን ከአምስት ሰዓት በላይ ይመጣል። እነዚህ ልክ ያላቸው የምግብ ማብሰያ ሰዓቶች አይደሉም፤ የነገሩን ስፋት የሚያሳዩ ናቸው። ፍም ላይ የተሰቀለ ሙሉ ታፋ ግን ላዩ ጠቁሮ፣ ስቡ እየተንጠባጠበ፣ ሽታው ሰውን እየጠራ አጥንቱ ዙሪያ ገና 45 ዲግሪ ሊሆን እንደሚችል ለመረዳት ይበቃሉ። የራበው ሠራተኛ አምስት ሰዓት አይጠብቅም። በድብቅ የሚበላ ሰው ደግሞ ከሁሉም ይቸኩላል።

መፍትሔው ቢላ ነው። እንደ ጥብስ በትናንሹ የተከተፈ ሥጋ፣ ወይም ከዚያም የተሻለ፣ ተከትፎ ድስት ውስጥ ረጅም ጊዜ የተንተከተከ ወጥ ይህን ትል አያሳልፍም። «ደጋ ላይ ውሃ በ100 አይፈላም» የምትሉ አትጨነቁ፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ እሱም ይተርፋል። ቴርሞሜትር ካለ ደግሞ ጫፉን በጣም ወፍራሙ ቦታ፣ አጥንት ሳይነካ አስገቡት። የሥጋውን ቀለም አትመኑ። ጥሬውን የከተፋችሁበትን ቢላና መክተፊያ ሳታጥቡ ሰላጣ አትክተፉበት፤ ጨው በቃው ወይ ብሎ ጥሬውን መቅመስማ ጨርሶ አይሆንም።

ሌሎቹ ዘዴዎች አይታመኑም። ሚጥሚጣና አዋዜ ምላስን ያቃጥላሉ እንጂ ጡንቻ ውስጥ የተጠመዘዘ እጭ ጋ አይደርሱም። አረቄም እንዲሁ፤ ሥጋውን አልፎ መሃል ድረስ የሚዘልቅ አይደለም፣ ጨጓራ ውስጥም ወዲያው ይሳሳል። ቋንጣ ማድረግ፣ በጨው ማሸት፣ በጢስ ማድረቅ አንዳንዴ ይገድላሉ፣ አንዳንዴ አይገድሉም፤ «አንዳንዴ» ደግሞ በቂ አይደለም። ማቀዝቀዝ ይሠራል፣ ግን ሠንጠረዡ የሚጠይቀው ውፍረቱ ከ15 ሴንቲ ሜትር ያልበለጠ ሥጋ በዜሮ በታች 15 ዲግሪ ለ20 ቀን ሳይቋረጥ እንዲቆይ ነው። ጄኔሬተሩ ማታ ማታ የሚጠፋበት የካምፕ ፍሪጅ ይህን አያሟላም።

ከመብላት በፊት ያለው አደጋ

ሥጋውን ሳይቀምሱ አደኑ ላይ ብቻ የሚገጥም ነገርም አለ። የቆሰለ ከርከሮ የታችኛው ክራንቻው ስለት ነው፤ ይዘነጥላል። የእርሳስ ጥይት ሥጋ ውስጥ ሲገባ ይፈረካከሳል፣ ብናኙም ከቁስሉ ራቅ ብሎ ስለሚገኝ በዓይን አይለይም፣ በማብሰልም አይጠፋም፤ የቆሰለውን ቦታ ዙሪያውን በሰፊው ቆርጦ መጣል ያስፈልጋል። በጋምቤላና በደቡብ ቆላዎች ቁጥቋጦው የገንዲ ዝንብ አለበት፤ ከብት የሚገድለው ተውሳክ ዘመድ የሆነው ሰውን የሚያጠቃ የእንቅልፍ በሽታ እዚያ ታይቷል። ሲገፉና ሲበልቱ ደግሞ በእጅ ላይ ባለ ጭረት ብሩሴላን የመሰሉ ባክቴሪያዎች ሊገቡ ይችላሉ፤ ጓንት ከሌለ ፌስታልም ቢሆን ከባዶ እጅ ይሻላል።

ሞቶ የተገኘ እንስሳ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 ማጎ ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ አባ ሰንጋ ከ1,600 በላይ የዱር እንስሳትን ፈጅቷል፤ አብዛኞቹ አምባራይሌዎች ነበሩ፣ የሞቱት ዝርያዎች ግን ብዙ ነበሩ። ሳይገደል የሞተ እንስሳ አትንኩ፣ አትክፈቱ፤ ሆዱ ሲከፈት የአባ ሰንጋ ባክቴሪያ አየር አግኝቶ ለዓመታት አፈር ውስጥ ወደሚቆይ ዘር ይለወጣል። ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ንገሩ።

በተቃራኒው ሰውን የማይነካ በሽታም አለ። የአፍሪካ የአሳማ ትኩሳት ከርከሮን ሳያሳምም በሱ ላይ ይኖራል፣ የቤት አሳማን ግን ይጨርሳል፤ አገራችን ውስጥም በእርባታ አሳማዎች ላይ ተገኝቷል። ሰው አይዘውም። አሳማ አርቢ ጎረቤት ካላችሁ ግን የከርከሮውን ትርፍራፊ ወደሱ ጊቢ አትወርውሩ። ትርፍራፊውን ጫካ ውስጥ መተውም ለትሪኪኔላ ድግስ ነው፤ ጅብና የካምፕ ውሻ ይበሉታል፣ ዑደቱ ይቀጥላል። በጥልቀት ቅበሩት ወይም አቃጥሉት።

ሕጉን በአንድ መስመር፦ የዱር እንስሳ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው፤ ይሄም ሰዎች ስለበሉት ነገር ዝም የሚሉበት ሌላው ምክንያት ነው።

ለጓደኛዬ ያነበብኩትን ይዤ በማግሥቱ እሑድ ደወልኩ። «ስንት በላህ?» አልኩት። «ሦስት ጉርሻ፣ ከዳር ከዳሩ፣ ያረረውን» አለ። «ከአጥንቱ ዙሪያስ?» «እሱን ፎርማኑ በላው።» ለፎርማኑ እንዲነግረው፣ ሁለቱም ሰኞ ሐኪም ጋ ሄደው ምን እንደበሉ እንዲናገሩ፣ የበሉበትንም ቀን ስልካቸው ላይ እንዲጽፉ ነገርኩት። አጉረመረመ፤ ግን ሄዱ። ፎርማኑ መድኃኒት ተሰጠው፣ ጓደኛዬ ምልክት እንዲጠብቅ ተነገረው።

ሁለት ወር ሙሉ በየሳምንቱ «ዓይንህ አብጧል?» እያልኩ አሰለቸሁት። አላበጠም። ለመስቀል ሊመጣ ሲነሳ ደወለ።

«ከዚያኛው የተረፈውን የካምፑ ወጥ ቤት ቋንጣ አድርጎት ነበር» አለ። «ትንሽ ላምጣልህ?»

«እትዬ ያሉበት ቤት ይዘኸው ልትገባ ነው?» አልኩት።

ዝም አለ። ከዚያ «ለምርመራ ነው ብላቸውስ?» አለኝ።